ቅድሳንና የሚኬሌ ሁለት ወረቀቶች

ቅድሳንን ሮም ውስጥ የሚያውቅ ሰው ሁሉ በሁለት ነገር ያውቃታል፤ በጉልበቷ ሕመምና በሚኬሌ ወሬ። ጉልበቷ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ የሰው አገር ሽማግሌ ስታነሳና ስታስቀምጥ የተበላሸ ነው። ሚኬሌ ደግሞ ዜግነቷን ያወጣላት ሰው ነው። ስለ ጉልበቷ ስታወራ ታሳጥራለች፤ ስለ ሚኬሌ ከጀመረች ግን ማቆሚያ የላትም። አንድ ቀን ሜትሮ ውስጥ ስታወራ መውረጃዋን አልፋ እስከ መጨረሻው ጣቢያ ሄዳለች።

ውለታውም የዋዛ አልነበረም። ዜግነት የሚጠይቅ ሰው አሥር ዓመት ሳያቋርጥ በነዋሪነት ተመዝግቦ መኖር አለበት። ቅድሳን ያኔ ሃያ ዓመት ኖራለች፤ መዝገቡ ላይ ግን መሐል ላይ አራት ዓመት የለችም። በነዚያ ዓመታት ያሠሯት ቤተሰቦች በአድራሻቸው ሳያስመዘግቧት ቀሩ። እሷ በየሳሎናቸው ወለል ስትወለውል፣ መንግሥት የት እንዳለች አያውቅም ነበር። የሄደችበት ቢሮ ሁሉ «ሲኞራ፣ ቡኮ አለብሽ» ይላታል፤ ቀዳዳ አለብሽ ማለት ነው። ሚኬሌ የሠራተኞችን ወረቀት በነጻ በሚሠራ አንድ ፓትሮናቶ ውስጥ ነበር። ሰባት ወር ሙሉ ከክሊኒክ የክትባት ካርድ፣ ከፖስታ ቤት ደረሰኝ፣ ከቤተ ክርስቲያን ደግሞ የክርስትና እናት የሆነችበትን መዝገብ ሳይቀር ለቃቅሞ ቀዳዳውን ጣፈላት። የመሐላውን ሥነ ሥርዓት በፈጸመች ቀን ከእሷ በላይ ያለቀሰው እሱ ነው።

አባቱ አዲስ አበባ ጋራዥ የነበረው ጣሊያናዊ ነው፤ እናቱ የካዛንቺስ ልጅ ናት። በአሥር ዓመቱ ሮም ቢመጣም አማርኛውን አልጣለም፤ ትልቅ ሰው ሲመጣ ከወንበሩ ይነሳል፣ «እርስዎ» ማለት ያውቃል። ከፓትሮናቶው በፊት ካስቴልኑቮ ዲ ፖርቶ በነበረው የስደተኞች መቀበያ አስተርጓሚ ነበር፤ እዚያ ያለፈ ያገራችን ሰው ሁሉ ጥገኝነት በሚወስነው ኮሚሲዮኔ ፊት ታሪኩን የተናገረው በሚኬሌ አፍ ነው።

እንግዲህ ይህ ሰው የቱስኮላናንና የሮማኒናን ሰፈሮች ለሚያስተዳድረው ሙኒቺፒዮ በፕሬዚዳንትነት ሊወዳደር ነው ሲባል ቅድሳን የራሷ ልጅ የተዳረ ያህል ደስ አላት። የመጀመሪያ ምርጫዋም ነው። የመራጭነት ካርዷን ከእመቤታችን ሥዕል ጀርባ አስቀመጠችው፤ ሲኞራ ፒናን አጥባ፣ አብልታ፣ ካስተኛች በኋላ አውጥታ ታየዋለች። ሲኞራ ፒና የሰማንያ ስምንት ዓመት አሮጊት ናቸው፤ ዓይናቸው ከደከመ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ቱስኮላና ያለው ቤታቸው ውስጥ ቅድሳን አብራቸው ትኖራለች። እሳቸውን ገና በመጋቢት «ይሄን ልጅ እንምረጥ፣ ጥሩ ልጅ ነው» እያለች ትወተውታቸው ጀመር።

ሽማግሌ የሚጠብቁ ሴቶች ዕረፍታቸው ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ነው። ስለዚህ ሮም ውስጥ የማርያም ማኅበር በሃያ አንድ ሳይሆን ለሃያ አንድ በሚቀርበው ሐሙስ ይጠጣል። «እመቤቴ በኛ የተነሳ ሐሙስ መዋል ለመደች» ትላለች ማኅበሩን በሙሴነት የምትመራው ሰላሙ። በሚያዝያው ሐሙስ አበራሽ ቤት ተሰብስበው ሳለ ሚኬሌ መጣ። ተቀመጥ እስኪባል ቆመ፤ ጽዋውን በሁለት እጁ ተቀበለ፤ ከዚያ እንዲህ አለ፦

«እኔ ካሸነፍኩ በመጀመሪያው ወር መዝጋቢ ይዤ ሮማኒና ሕንፃው ድረስ እመጣለሁ። ሬዚዴንሳ የማያገኝ ሰው አይኖርም።»

ሁሉም ዞረው እየሩስን አዩ። እየሩስ ከሁለት ሴት ልጆቿ ጋር የምትኖረው ሮማኒና ውስጥ ስደተኞች በያዙት አንድ የድሮ የቢሮ ሕንፃ ነው። በተያዘ ሕንፃ የሚኖር ሰው ሬዚዴንሳ፣ ማለትም የነዋሪነት ምዝገባ፣ አይሰጠውም፤ ሬዚዴንሳ የሌለው ሰው ሐኪም አይመደብለትም፣ ፔርሜሶውን፣ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ለማሳደስም መከራ ነው። እየሩስ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

ሚኬሌ እንደወጣ ቅድሳን ጽዋውን አነሳች። የልብ ልብ ተሰምቷት ነበር። «ይህን ጽዋ የቀመስን ሁሉ ድምፃችንን ለሚኬሌ ካልሰጠን ጽዋው ይፋረደን! መጀመሪያ እኔን ይፋረደኝ!» አለች። አሥራ ሁለቱ ሴቶች ባንድ አፍ «ይፋረደን» አሉ። በዚያች ደቂቃ ማን ድምፅ አለው ብሎ የጠየቀ የለም። ኩባያ ሲያጥቡ ነው ሰላሙ ድንገት እጇን ከውሃ አውጥታ መቁጠር የጀመረችው።

«አሎራ፣ ቅድሳን፣ ከአሥራ ሦስታችን ዜግነት ያለን ስንት ነን?»

አምስት ሆኑ። ከአምስቱ ሁለቱ ፓሪዮሊ በአሠሪ ቤት የተመዘገቡ ናቸው፤ የነሱ ሙኒቺፒዮ ሌላ ነው። የቀሩት ቅድሳን፣ ሰላሙና አበራሽ ብቻ። አሥሩ ሴቶች በሌላቸው ድምፅ ምለው ቁጭ ብለዋል።

«ምንም አይደል» አለች ቅድሳን፤ «ለሱ ጸሎት ይሆነዋል።»

በግንቦት አጋማሽ ከሲኞራ ፒና የፖስታ ሣጥን ውስጥ የሚኬሌ ፎቶ ያለበት ወረቀት ወጣ። ቅድሳን ደረጃውን እየሳቀች ወጣች። ፖስታ የምታነብላቸው እሷ ናት፤ ዛሬም መነጽሯን አድርጋ ከወንበራቸው አጠገብ ተቀመጠችና ጮክ ብላ ጀመረች። የመጀመሪያው አንቀጽ ስለ አውቶቡስ ነበር። ሁለተኛው እንዲህ ይላል፦ «በሕገወጥ መንገድ የተያዙ ሕንፃዎች ይለቀቃሉ። ከሮማኒናው እንጀምራለን። ሰፈሩ በቂ ታግሷል።»

ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አዞረችው።

«አንብቢ እንጂ» አሉ ሲኞራ ፒና።

ደግማ አነበበችው። ቃሉ አልተለወጠም። ሲኞራ ፒና የወንበራቸውን ክንድ በመዳፋቸው መቱ። «ፊናልሜንቴ! በስተመጨረሻ! ጥሩ ልጅ ነው ስትይኝ ለወሬ ያህል መስሎኝ ነበር። እነዚያ ሰዎች እዚያ ከገቡ ስንት ዓመታቸው ነው? ቫ ቤኔ፣ ይሄንን ልጅ እመርጣለሁ። አንቺም እሱን ነው አይደል?»

«አዎ ሲኞራ።»

«ብራቫ።»

ቅድሳን ከዚያ በላይ አልተናገረችም። በሰው ቤት ለሃያ ስምንት ዓመት እንጀራ የበላችበት ሕግ አንድ ነው፤ የወገንን ችግር አሠሪ ፊት አይዘረግፉም። አሠሪ ካዘነ ያዝንልሻል፣ ከደነገጠ ግን ይፈራሻል ትላለች። ስለዚህ ሾርባውን አሞቀች፣ አበላች፣ ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። ሚኬሌ ለማኅበሩ የሰጠው የአማርኛ ወረቀት ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። ሁለቱን መስተዋቱ ሥር ጎን ለጎን ዘረጋቻቸው። ፎቶው ያው ነው፤ ፈገግታው ያው፣ ከረባቱም ያው። የአማርኛው «የሮማኒና ሕንፃ ነዋሪዎች ሬዚዴንሳ ያገኛሉ» ይላል። የጣሊያንኛው ያስወጣቸዋል። ሲኞራ ፒና የሚመርጡት እንዲያስወጣ ነው፣ እሷ የምትመርጠው እንዲያስገባ፤ ሰውየው ግን አንድ ነው።

መናደድ ነበረባት፤ አልተናደደችም። ግራ ነው የገባት። መጀመሪያ አታሚው ተሳስቶ ይሆናል አለች። ቀጥላ ጠላቶቹ በስሙ አሳትመውበት ነው አለች። የወደደ ሰው ሰበብ አያጣም። በሦስተኛው ቀን ግን ሰበቧ አለቀና ሐሙስ ከሰዓት ወደ ሚኬሌ የምርጫ ዘመቻ ቢሮ ሄደች።

ሚኬሌ ከሩቅ አይቷት ተነሳ፤ ሁለት ጊዜ ሳማት። «እትዬ ቅድሳን! ስንት ሆናችሁልኝ?» አላት።

ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ጉልበቷ ነበር። ይቺ ትንሽ ነገር ናት፤ ሰው ስንት ሥራ ላይ ሆኖ የባልቴት ጉልበት ባያስታውስ አይፈረድበትም። ግን ቅር አላት። ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«የቱ ነው ያንተ?»

«ሁለቱም» አለ፣ ምንም ሳያፍር። «እትዬ፣ ልብ ብለው ያድምጡኝ። መጀመሪያ ሬዚዴንሳ እንሰጣለን። ሬዚዴንሳ ያለው ሰው የኮሙኔ፣ የከተማው አስተዳደር፣ ቤት መጠየቅ ይችላል። ቤት ሲያገኙ ሕንፃው ይለቀቃል። ታዲያ የት ላይ ነው ውሸቱ?»

«ቤት እስኪያገኙስ?»

«እስኪያገኙማ ይጠበቃል።»

«እንዲህ ተብሎ የተጻፈ የለም። ለኔም አልጻፍከው፣ ለሲኞራዬም አልጻፍከው።»

ሚኬሌ ሳቀ፤ ክፉ ሳቅ አልነበረም። «ይሄ ምርጫ ነው እኮ እትዬ። ሁሉ ነገር ለሁሉ ሰው አይጻፍም። ወንበሩን ካላገኘሁ ለማንም ምንም አላደርግም። እኔን አያምኑኝም?»

«ኧረ አምንሃለሁ ልጄ» አለች። ከልቧም ነው።

ደረጃውን ስትወርድ ያለው ሁሉ ልክ ነበር። ሜትሮው በር ላይ ስትደርስ መልሳ ብታስበው ልክ አልመስል አላት። ባቡር ውስጥ ቁጭ ስትል እንደገና ልክ ሆነ። ቤት ገብታ የሲኞራ ፒናን መድኃኒት ስትሰጥ «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ሲሰበር በሌላው ተንጠልጠል» የሚለው ተረት ትዝ አላትና ደነገጠች። ሚኬሌ የተከለው ሁለት ባላ ነው? ታዲያ ይሄ ብልኅነት ነው ወይስ ማታለል? ለሷ ቀዳዳዋን ሲጥፍላትስ ለቢሮው ሌላ፣ ለሷ ሌላ ይናገር አልነበር? ያኔ ለምን ደስ አላት? ነገሩ ውሉ ጠፋባት።

በሳምንቱ እየሩስ ደወለች።

«ቅድሳንዬ፣ ሚኬሌን አየሁት። ከመስኮቴ ሥር ቆሞ ካሜራ እየቀረጸው ነበር። የሰፈሩ ሰዎች ሰሌዳ ይዘው ከበውታል። ቀና ብሎ ያየኛል ብዬ እጄን አነሳሁለት።»

«አየሽ?»

«አላየኝም። ‹እነዚህ ሰዎች ገናን እዚህ አያከብሩም› ሲል ሰማሁት።» «ካስቴልኑቮ እያለሁ ‹አይዞሽ፣ ቀስ ብለሽ ተናገሪ፣ አንድም ቃል አልጥልብሽም› ያለኝ ሰው ነው። አልጣለብኝምም። አንቺ አነጋግረሽው የለ? ምናልባት ከገና በፊት ቤቱን ሊሰጠን ይሆን እንዲህ ያለው?»

ቅድሳን አይደለም ብትል የእየሩስን ተስፋ መቁረጥ ነው፤ ነው ብትል ዋስ መሆን ነው። «እጠይቅልሻለሁ» አለች። ለሚኬሌ ሦስት ጊዜ ደወለችለት። ስልኩን የሚያነሳው አንድ ትሑት ወጣት ነው፤ «ፕሬዚዳንቱ ስብሰባ ላይ ናቸው» ይላል። ገና ሳይመረጥ ፕሬዚዳንት ሆኖ ነበር።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል። ቅድሳንን ያስጨነቃት ግን መውደቋ ብቻ አልነበረም፤ አሥራ ሁለት ሴት ይዛ መውደቋ ነው። መሐላው እንደ ድንጋይ ከበዳት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቷን ቄስ ገብረወልድን ጥግ ይዛ ነገሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ነገረቻቸው።

«ሰውየው ዋሽቷል?» አሏት።

«አላውቅም አባቴ።»

«ሳታውቂ ምኑን ልፍታው?»

«እሱን ባውቅማ መች እርስዎ ጋ እመጣለሁ?»

ቄስ ገብረወልድ ጢማቸውን ነካ ነካ አደረጉ። የሳቸውንም የመኖሪያ ፈቃድ የጨረሰው ሚኬሌ ነበርና ነገሩ አልጣማቸውም። በመጨረሻ እንዲህ አሉ፦ «በአፍሽ ነው ያሰርሻቸው፤ በአፍሽ ፍቻቸው። ጥፋቱ የኔ ነው ብለሽ መሐላቸውን ወደ ራስሽ ውሰጂ። ስግደቱን እሰጥሻለሁ። ያንቺን መሐላ ግን ማንም ሊወስድልሽ አይችልም፤ ወይ ትጠብቂዋለሽ፣ ወይ ትሰብሪና ንስሐ ትገቢያለሽ።»

ከምርጫው በፊት በነበረው ሐሙስ ማኅበርተኞቹን ጠራቻቸውና ቆመች። «ያስማልኳችሁ በችኮላ ነው። መሐላችሁን መልሱልኝ፣ በኔ ላይ ይሁን። ሰላሙና አበራሽ፣ እንደ ልባችሁ ምረጡ።»

«ምነው፣ ምን አደረገሽ ሰውየው?» አለች አበራሽ። «እኔ የአሠሪዬን ቤተሰብ ሙሉ አሳምኜለት የለ? አሁን ሄጄ ምን ልበላቸው?»

ሰላሙ ደግሞ ፓርቲዎችን ሁሉ ከሰደበች በኋላ «እኔ መጀመሪያም ልመርጠው አልነበረም» አለች፤ ሁሉም ሳቁ። እየሩስ ብቻ አልሳቀችም። እኛን ፈታሽን፣ አንቺን ማን ይፈታሻል ብላ ጠየቀቻት። ቅድሳን ጽዋውን ለሰላሙ አቀብላ ተቀመጠች።

እሑድ ማለዳ ሲኞራ ፒና ሰማያዊ ቀሚሳቸውን ልበሱ ሳይባሉ ጠየቁ። ሽቶ ተቀቡ። ቅድሳን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች ለምርጫ ወደተከፈተው ትምህርት ቤት ወሰደቻቸው። ዓይኑ የማያይ መራጭ የሚያምነውን አንድ ሰው ይዞ መግባት ይችላል፤ ሲኞራ ፒናም ቅድሳንን ይዘው ነው የሚገቡት። የጣቢያው ኃላፊ እንደ ደንቡ ጎንበስ ብሎ ጠየቃቸው።

«ሲኞራ፣ ይህችን ሴት በፈቃድዎ ነው የመረጡት? ስሟን ያውቃሉ?»

«እንዴት አላውቅም? ቅድሳን ነው። ከልጄ ይልቅ አምናታለሁ» አሉ፤ ክፍሉ ሁሉ ሰማ።

መጋረጃው ውስጥ ገቡ። ሲኞራ ፒና ወደ ጆሮዋ ተጠግተው «ሚኬሌ ላይ» አሉ በሹክሹክታ። ቅድሳን እርሳሱን ያዘች። ሌላ ስም ላይ ብታደርገው የሚያይ አልነበረም፤ ባዶ ብታጥፈውም የሚያውቅ የለም። አንዲት መስመር፣ ከዚያ እየሩስና ልጆቿ በአንድ ድምፅ ያህል ይተርፋሉ። ግን ዓይን የሌለው ሰው አደራ ነው። በሚኬሌ ስም ላይ አጥርታ መስቀል አደረገች፣ አጠፈችው።

ሲኞራ ፒናን ግድግዳው ጥግ አስቀምጣ የራሷን ወረቀት ተቀብላ ተመለሰች። ሃያ ስምንት ዓመት የጠበቀችው ወረቀት ይሄ ነው። ስሙ ከፊቷ ነው። የክትባት ካርዷን ይዞ «እትዬ፣ አገኘሁት!» እያለ ደረጃ ላይ የሮጠው ሚኬሌ መጣባት፤ እርሳሱን አስጠጋች። ያኔ ነው አንድ ነገር የታያት፤ ይህን መስቀል ብታደርግ ቅድም ካደረገችው ጋር አንድ ነው። አንዱ አስወጣቸው ብሎ፣ አንዱ አስገባቸው ብሎ ነው የተደረገው፤ ማታ ሣጥኑን ከፍቶ የሚቆጥረው ሰው ግን ሁለት ብሎ ነው የሚቆጥራቸው። ሚኬሌም ሁለት ብሎ ነው የሚወስዳቸው። ከሁለቱ ለየትኛው ባለ ዕዳ እንደሆነ እሱ ራሱ በምን ያውቃል?

«እመቤቴ ማሪኝ» አለችና ወረቀቱን እንደ ነጣ አጠፈችው።

በሩ ላይ እየሩስ ቆማ ነበር። ድምፅ የላትም፤ ቤት መቀመጥ ግን አልሆነላትም። «መረጥሽው?» አለች በአማርኛ።

«ሲኞራ መርጠውታል፣ በኔ እጅ። የኔን ባዶ አስገባሁት።»

እየሩስ ትክ ብላ አየቻትና ድምፅ አውጥታ ማልቀስ ጀመረች። «ቅድሳንዬ፣ እውነቱን ከነበረስ? ሬዚዴንሳውን የሚሰጠን እሱ ብቻ ከሆነስ?»

ቅድሳን ይህንን አላሰበችውም ነበር። አንድ ወር ሙሉ ሌላ ነገር ሳታስብ ይህንን አላሰበችም።

«ይቺ ልጅ ማናት? ለምን ታለቅሳለች?» አሉ ሲኞራ ፒና፣ እጃቸውን ወደ ድምፁ ዘርግተው። እየሩስ እጃቸውን ያዘች።

«ጓደኛዬ ናት። እየሩስ ትባላለች።»

«የት ነው የምትኖረው?»

ቅድሳን ዙሪያዋን አየች። ሰዎች እየሳቁ ይገባሉ፣ ይወጣሉ። «ሮማኒና» አለች። «እዚያ ሕንፃ ውስጥ ሲኞራ፣ ከሁለት ሴት ልጆቿ ጋር። ማኅበራችን አንድ ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት እንተዋወቃለን።»

ሲኞራ ፒና የእየሩስን እጅ አልለቀቁም፤ በአውራ ጣታቸው ጀርባውን ዳበስ ዳበስ እያደረጉ ቆዩ። ከዚያ በማያይ ዓይናቸው ወደ ቅድሳን ዞሩ።

«ቅድሳን» አሉ፣ «ያንን ወረቀት ስታነቢልኝ ይሄንን ለምን አልነገርሽኝም?»